የተቀዳ እጅ

ደሴ፣ ሐምሌ መባቻ፤ ጦሳ ጉሙን ደርቦ፣
መስኮቱ ላይ ቆሟል እንደ እንግዳ ቀርቦ።
ውሃ ቢሮ ፎቅ ላይ፣ ከጠባቧ ክፍል፣
ሰርቨሩ ብቻውን ወፍጮ መስሎ ያጓራል።
አዲሱ የቢል ፕሮግራም ዛሬ ሌሊት ይገባል፤
ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ውጫሌ፣ መርሳ ድረስ ይጫናል፤
ሠላሳ ሰባት ማሽን በየቢሮው ተኝቷል።
የኔ ድርሻ አንዲት ቁልፍ ናት።
ቀሪው የይመር ነው።

ይመር አበጋዝ ድሮ፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር፣
ፍላሹን ካልሲው ከቶ በሚኒባስ ሲዞር፣
ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥበት ሹፌሩ ጋ ሲያድር፣
ደርሶም «መብራት የለም» ሲባል፣ ከዘበኛ ጋር ቆሎ ሲቆረጥም፣
መብራቱ ሲመጣ ያንኑ ዚክር ሲደግም፦
«ቀጥል»፣ «እስማማለሁ»፣ «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «ጨርስ»።
የተስማማበትን አንብቦ አያውቅም እስከ መጨረስ።

አንድ ሌሊት መረረው። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ
የገዛ እጁን ቀዳው፣ ጣት በጣት ገልጦ፤
ማውሱ የረገጠው ቦታ፣ የተነካው ፊደል፣
አንዷም ሳታመልጥ በስክሪፕቱ ሰፈረች እንደ ውል።
ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ እጅም ይቀዳል ለካ፣
አንድ እንስራ ሞልቶ ሠላሳ ሰባት ቤት ሲያረካ።

መጀመሪያ በሮጠ ሌሊት፣
ሐይቅ ላይ ዘበኛው አያ ሙሄ በር ሊቆልፍ ሲገባ፣
ሰው በሌለበት ወንበር ፊት ቀስቷ ስትዘል እንደ ንብ ካበባ አበባ፣
«ቢስሚላህ» አለ፤ አልበቃው ሲል «በስመ አብ» አከለ፤
ለይመር ደወለ፦ «ኧረ ልጄ፣ እዚህ ቢሮ ጂኒ አለ!»
«ጂኒ አይደለም አያ ሙሄ፣ እኔ ነኝ።»
«አንተማ ደሴ ነህ።»
«እጄ ነው ሐይቅ ያለው።»

ግን ቅጂው የቀዳው ሥራውን ብቻ አልነበረም።
ከይለፍ ቃሉ አንዷን ፊደል ይስታል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል፤
ከ«እስማማለሁ» በፊት አሥራ አንድ ሰከንድ ይቆማል።
ይቆማል፣ በቃ። ደጃፍ ደርሶ የመጣበት እንደጠፋው ሰው።
በሠላሳ ሰባት ጠረጴዛ ላይ
ሠላሳ ሰባት ቀስት ባንድ ትንፋሽ ያመነታል።

እኔ ከድጃ፣ ከኮምቦልቻ ዲግሪዬን ይዤ በገባሁ ባመቱ፣
«ትርፍ ናት» ብዬ ቆርጬ ጣልኳት ያቺን ዝምታ ከነስህተቱ።
ስክሪፕቱ አማረበት። ነጠረ። ፈጠነ።
ውጫሌ ላይ ወደቀ።
የውጫሌዋ ማሽን አሮጊት ናት፤ መስኮት የምትከፍተው ወገቧን ይዛ ነው፤
የኔው ስክሪፕት ቸኩሎ፣ በሩ ሳይከፈት፣
ባየር ላይ «እስማማለሁ» አለ፣
ማንም ላልጠየቀው።
ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ቢል የለም፤ ሰልፉ አስፋልቱን ነክቷል፤
ብሯን መቀነቷ ላይ ቋጥራ የመጣች ሴት
«ውሃውንስ ጠጥቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ?» ትላለች አሉ።
መለስኳት። አሥራ አንዷን ሰከንድ
እንደ ወለቀ ጥርስ ድዷ ላይ ተከልኳት።

ዛሬ ይመር መጣ። ጡረታ ከወጣ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ የሚጠጣው በሁለት እጁ ነው፤
ለመፈረም እንኳ ልጁ ክንዱን ትደግፈዋለች።
«እስቲ ልየው» አለ፣ ወንበር ስቦ ከኋላዬ።
ቁልፏን ነካሁ።

ስክሪኑ ላይ ያ እጅ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ፣ ውልፊት ሳይል፤
ይመር የዛሬውን እጁን ኪሱ ከቶ የያኔውን ያያል።
ፊደሏን ሳተ። ሰረዘ። ጻፈ።
ቆመ።

«ለውጫሌ ብለህ ነው፣ አይደል?» አልኩት፤ «መዘግየቷን አውቀህ?»
ሳቀ። «ውጫሌን ማን አስታወሳት!
መነጽሬን ስፈልግ ነበር።
ግንባሬ ላይ ነበረች።»

አሥራ አንድ።
ውጫሌ መስኮቷን ከፈተች።
በሐይቅ፣ በመርሳ፣ በኩታበር ጨለማ
ሠላሳ ሰባት ማሽን የይመርን መነጽር ፈልጎ አገኘና
«እስማማለሁ» አለ።